«ዘር» እና «ጂን»፦ የሚጥል ሕመም፣ ውርስና መድኃኒት በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ



የዛሬው ንግግሬ የታሪክ እንጂ የሕክምና ትምህርት አይደለም። ከፊቴ የጤና ሳይንስ ተማሪዎች ስለ ተቀመጡ ግን ስለ ጉበት ኢንዛይምም ሆነ ስለ ነርቭ ሴል መናገሬ አይቀርም። በዚያ ረገድ ያጎደልሁትን በጥያቄ ሰዓት ትሞሉልኛላችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር ስናገር ለይቼ እጠራዋለሁ።

የምነሣው ከአንድ ቃል ነው። በአማርኛ «ዘር» ብዙ ሸክም የተጫነበት ቃል ነው። ገበሬ የሚበትነው ዘር ነው፤ ትውልድ ዘር ነው፤ ነገድም ዘር ይባላል። «በዘራቸው አለ» የሚለው አነጋገር ግን በሽማግሌዎች መካከል ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ሲነገር ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው፤ ከዚያ ቤት ልጅ አትውሰዱ፣ ለዚያ ቤትም ልጅ አትስጡ ማለት ነው። የሥጋ ደዌ እንዲህ ተብሎበታል፤ የአእምሮ ሕመምም እንዲሁ። የሚጥል ሕመም ግን በዚህ ረገድ ልዩ ቦታ አለው። በአንድ በኩል ከእርኩስ መንፈስ የመጣ ነው ይባላል፤ በሌላ በኩል ታማሚው ሲወድቅ የነካው ሰው ይያዛል ይባላል፤ በሦስተኛ ደረጃ ደግሞ በዘር ይሄዳል ይባላል። ሦስቱ ምክንያቶች እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ናቸው። መንፈስ ከሆነ አጥንት አይቆጥርም፤ በንክኪ የሚተላለፍ ከሆነም ጎረቤትን ከወንድም አይለይም። ሕዝቡ ግን ሦስቱንም አንድ ላይ ይዞ ኖሯል፤ ምክንያቱም ሦስቱም የሚያዙት አንድ ነገር ነው፤ ራቅ በል።

ይህ መራቅ ዋጋ አስከፍሏል። በማብሰያ ምድጃ አጠገብ የወደቀን ሰው አረፋው እንዳይነካን ብለው ሳያነሡት የሚቀሩ ሰዎች ነበሩ፤ አሁንም አሉ። በአገራችን የሚጥል ሕመም ያለባቸውን ሰዎች የመረመረ ሐኪም ሁሉ የእሳት ጠባሳ አይቷል። ክብሪት ጭሮ ማሽተት የተለመደ የመጀመሪያ «እርዳታ» ሲሆን፣ ሰውየውን ከእሳቱ ማራቅ ግን ሁልጊዜ የመጀመሪያ አልሆነም።

ቃሉ ከሽማግሌዎች ሹክሹክታ ወጥቶ በሕግ መጽሐፍም ገብቷል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ በአንቀጽ 13 መሠረታዊ ስሕተት ጋብቻን ሊያፈርስ እንደሚችል ይደነግጋል። ከስሕተቶቹ አንዱ ተጋቢው የማይድን ወይም በዘር ሊተላለፍ የሚችል በሽታ ያለበት መሆኑን አለማወቅ ነው። የሕጉን አርቃቂዎች ለመውቀስ አላነሣሁትም፤ የፈቃድን ነጻነት ለመጠበቅ የታሰበ አንቀጽ ነው። ነገር ግን «በዘር ሊተላለፍ የሚችል» የሚለውን ሐረግ ዳኛ በምን መስፈርት ይተረጉመዋል? ይተላለፋል ማለት ከመቶ ስንት ጊዜ ነው? ይህ ጥያቄ ዛሬ ከምናገረው ታሪክ ውጭ መልስ የለውም።

በኢትዮጵያ የሚጥል ሕመም ጥናት በዘመናዊ መልኩ የተጀመረው በቡታጅራ አካባቢ ነው ብል ብዙ አልሳሳትም። በ1980ዎቹ መጨረሻ የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በመስቃንና ማረቆ የገጠር ቀበሌዎች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ 60,820 ሰዎችን ቆጠሩ። ከእነዚህም ውስጥ 316 ሰዎች የሚጥል ሕመም ያለባቸው ሆነው ተገኙ፤ ከሺህ ሰው 5.2 ማለት ነው። የሕመሙ ስርጭት ከሁሉ የበዛው ከ10 እስከ 19 ዓመት ባሉት ዘንድ ነበር፤ ትምህርት ቤት በሚገቡበትና ጋብቻ በሚታሰብበት ዕድሜ። በ1990 የታተመው ውጤት ውስጥ እኔን ሁልጊዜ የሚያስቆመኝ ግን ሌላ ቁጥር ነው። በሚታወቅ የፀረ-ሚጥል መድኃኒት ታክመው የሚያውቁት 1.6 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ316ቱ አምስት ሰው ያህል መሆኑ ነው።

አምስት ሰው። የተቀሩት በጸበል፣ በዕፅዋት፣ በክታብ፣ አለዚያም በዝምታ ኖረዋል። እንግዲህ በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ ገጠር ስለ መድኃኒት ምላሽ ልዩነት መናገር ትርጉም አልነበረውም፤ ምላሽ የሚሰጥለት መድኃኒት አልደረሰምና።

መድኃኒቱ ግን ከነበረ ቆይቷል። ፌኖባርቢታል የሚጥል ሕመምን እንደሚያስታግስ በ1912 ያሳወቀው ጀርመናዊው ወጣት ሐኪም አልፍሬድ ሃውፕትማን ነው። የዚህ ሰው የሕይወት ታሪክ ስለ ዘር ለሚናገር ሁሉ ማስጠንቀቂያ ስለሚሆን ጥቂት ልቆይበት። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1933 የናዚ መንግሥት «የውርስ በሽታ ያለበት ትውልድ እንዳይፈጠር» በሚል ሕግ አወጣ። ሕጉ በግዳጅ እንዲመክኑ ከዘረዘራቸው ሰዎች መካከል «በውርስ የሚጥል ሕመም» ያለባቸው ይገኙበታል። በዚያን ጊዜ የትኛው የሚጥል ሕመም ከውርስ እንደሆነ፣ የትኛው እንዳልሆነ የሚለይ አንድም የላቦራቶሪ ምርመራ በዓለም ላይ አልነበረም። የዳኛና የሐኪም ግምት በቂ ሆነ። ሃውፕትማን ራሱ አይሁዳዊ ስለነበር በ1935 ከሃሌ ዩኒቨርሲቲ ወንበሩ ተነሣ፤ በ1938 ታሰረ፤ በኋላም ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ለሚጥል ሕመም ዛሬም በእኛ ጤና ጣቢያዎች የሚሰጠውን መድኃኒት ያስተዋወቀው ሰውና መድኃኒቱን የሚሹት ሕሙማን በአንድ ዓይነት የዘር ሐሳብ ተሳደዱ። ይህ በጀርመን ብቻ የነበረ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ 17 ግዛቶች የሚጥል ሕመም ያለበት ሰው እንዳያገባ እስከ 1956 ድረስ ይከለክሉ ነበር፤ የመጨረሻዋ ግዛት ሕጓን የሻረችው በ1980 ነው። የእኛን ሽማግሌዎች ብቻ ኋላ ቀር ማለት ፍትሕ አይደለም።

ወደ አገራችን ልመለስ። ውርስ በእርግጥ ድርሻ አለው ወይ? ለዚህ ጥያቄ ኢትዮጵያ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚያነጋግረው ከእኛ ወደ ሰሜን፣ በዚያው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች ከሚኖረው የዛይ ማኅበረሰብ የመጣው ውጤት ነው። ዛይዎች ጥቂት ናቸው፤ የራሳቸው ሴማዊ ቋንቋ አላቸው፤ ደሴቶቹም ለረጅም ዘመን ከየብሱ ለይተው አኑረዋቸዋል። በ2006 ስለሺ አልሙ፣ ዘሪሁን ታደሰ፣ ፖል ኩፐርና ሪቻርድ ሃኬት ባሳተሙት ጥናት በዛይ ማኅበረሰብ ከሺህ ሰው 29.5 የሚሆኑት የሚጥል ሕመም አለባቸው። ከቡታጅራው ቁጥር ጋር ስናስተያየው ወደ ስድስት እጥፍ ይጠጋል።

የሥነ-ዘረመል ባለሙያ ይህን ሲሰማ ወዲያው የሚያስበው ነገር አለ። ትንሽ፣ ከሌላው የተነጠለ ሕዝብ ሲሆን፣ ከጥንት አንድ ወይም ሁለት ሰዎች የተሸከሙት የጂን ለውጥ በትውልዱ ሁሉ ውስጥ ተደጋግሞ ይገኛል። የደሴት ሕዝቦች በዓለም ዙሪያ ለጂን ጥናት የሚመረጡትም ስለዚህ ነው። የታሪክ ሰው ግን ሌላም ይጠይቃል። ከደሴት ወደ ጤና ተቋም በጀልባ የሚሻገር ማኅበረሰብ ውስጥ አስቸጋሪ ምጥ የገጠማት እናት ምን ትሆናለች? የማጅራት ገትር የያዘው ሕፃን ስንት ሰዓት ይጠብቃል? በወሊድ ጊዜ የሚደርስ የአንጎል ጉዳትና የአንጎል ኢንፌክሽን ሁለቱም የሚጥል ሕመም ያስከትላሉ። መነጠል ጂንን ያከማቻል፤ መነጠል ሕክምናንም ያርቃል። በቤተሰብ ተደጋግሞ የታየ ሕመም ሁሉ ከደም የመጣ አይደለም፤ ቤተሰብ ጂን ብቻ ሳይሆን ጎጆ፣ ውኃና መንገድም ይጋራል። በእኔ ግምት የዛይ ቁጥር በአገራችን የሚጥል ሕመም ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የላቀ ፍንጭ ነው፤ ፍንጭ ግን ፍርድ አይደለም።

አሁን ጂን የሚለውን ቃል በዘር ቦታ ተክተን ብቻ ማለፍ የማንችልበት ቦታ ደርሰናል። የሚጥል ሕመም የሚያመጣ የመጀመሪያው ጂን የታወቀው በ1995 ነው፤ በአንድ ሰፊ የአውስትራሊያ ቤተሰብ ውስጥ፣ ሌሊት በእንቅልፍ ጊዜ የሚመጣ የሕመም ዓይነት ነበር። እዚያ የሽማግሌዎቹ አባባል የተረጋገጠ ይመስላል፤ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ። በ2001 ግን የቤልጅየም ተመራማሪዎች ፈረንሳዊቷ ሐኪም ሻርሎት ድራቬ በ1978 በገለጸችው ከባድ የሕፃናት የሚጥል ሕመም ላይ ሌላ ነገር አገኙ። ድራቬ ሲንድረም የሚባለው ይህ ሕመም «ኤስሲኤን1ኤ» በሚባል ጂን ለውጥ ይመጣል። ጂኑ በነርቭ ሴል ሽፋን ላይ ሶዲየም የሚያሳልፍ በር የሚሠራ ነው። ከእነዚህ ሕፃናት አብዛኞቹ ለውጡን ከእናትም ከአባትም አልወረሱትም። በልጁ ላይ አዲስ የተፈጠረ ነው።

ተማሪዎች ሆይ፣ ይህችን ነጥብ በማስታወሻችሁ አስምሩባት። ሕመሙ በጂን ነው፤ በዘር ግን አይደለም። አማርኛችን ሁለቱን በአንድ ቃል ስለሚጠራ፣ አንድ ሐኪም ለእናት «የልጅሽ ሕመም የዘር ነው» ሲል ያልተናገረውን ትሰማለች። የባሏ ወገን የእርሷን አጥንት፣ የእርሷ ወገን የባሏን አጥንት መቁጠር ይጀምራል። «በጂን ለውጥ የመጣ ነው» ብሎ፣ ቀጥሎም «ከእናንተ ላይመጣ ይችላል» ማለት አንድ ትዳር ሊያተርፍ ይችላል። የተወረሰ በሆነበትም ጊዜ ቢሆን መጠኑን ማወቅ ይገባል። በአሜሪካ በሮቼስተር ከተማ ነዋሪዎች ላይ ተደርጎ በ2014 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ የሚጥል ሕመም ያለበት ሰው የቅርብ ዘመዶች፣ ማለትም ወላጆቹ፣ እኅት ወንድሞቹና ልጆቹ፣ እስከ 40 ዓመት ዕድሜያቸው በሕመሙ የሚያዙት ከመቶ አምስት አይሞሉም። ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆኑት አይያዙም። የሰባት ቤት ቆጠራ ይህን ሊነግረን አይችልም ነበር።

የጂን እውቀት ለፈውስ የሚጠቅመው ደግሞ በዚህ መንገድ ነው። ድራቬ ሲንድረም ያለበት ልጅ ቀድሞውኑ የሶዲየም በሩ ተዳክሟል። ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን የሚሠሩት ያንኑ በር በመዝጋት ነው። ስለዚህ በሌላው ታማሚ ላይ የሚያድኑት መድኃኒቶች እዚህ ሕመሙን ያባብሳሉ። ሐኪሙ ሕመሙ ሲብስ መጠኑን ይጨምራል፤ መጠኑ ሲጨምር ሕመሙ ይብሳል። በመድኃኒት መደርደሪያ ላይ ያሉት ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን ብቻ በሚሆኑበት ቦታ ይህ አደጋ የንድፈ ሐሳብ አይደለም። መልካሙ ነገር እዚህ ላይ የጂን ላቦራቶሪ የግድ አለማስፈለጉ ነው። በመጀመሪያው የሕይወት ዓመት፣ በትኩሳት ጊዜ፣ በአንድ ወገን እየበረታ የሚረዝም ማንዘፍዘፍ ያየ ጤና መኮንን መጠርጠር ይችላል።

የአገራችን የጂን ታሪክ ሌላው ምዕራፍ የተጻፈው በስቶክሆልም ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ በካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ የኢትዮጵያውያን ጉበት መድኃኒትን እንዴት እንደሚፈጭ አጠኑ። በ1996 የታተመው ውጤት የዘርፉን ሰዎች አስገረመ። «ሲዋይፒ2ዲ6» የሚባለውን ኢንዛይም የሚሠራው ጂን በ29 በመቶ ኢትዮጵያውያን ላይ ተደግሞ ወይም ተደጋግሞ ተገኘ። እነዚህ ሰዎች አንዳንድ መድኃኒቶችን ከመጠን በላይ ፈጥነው ይፈጫሉ። ይህ ኢንዛይም በአብዛኛው የሚያገለግለው የድብርት፣ የሥነ-አእምሮና የሕመም ማስታገሻ መድኃኒቶችን ነው፤ ለሚጥል ሕመም ያለው ፋይዳ ትንሽ ነው። በዚያው ዓመት ግን ያው ቡድን «ሲዋይፒ2ሲ19» የተባለውን ኢንዛይም ለመለካት ሜፌኒቶይንን ተጠቀመ። ሜፌኒቶይን ራሱ የቆየ የሚጥል ሕመም መድኃኒት ነው። ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን ከመቶ አምስት ያህሉ ይህን መድኃኒት በጣም አዝግመው የሚፈጩ ሆኑ።

ለእኛ ርዕስ ከሁሉ የሚቀርበው በ2001 የመጣው ነው። ፌኒቶይንን በዋናነት የሚፈጨው «ሲዋይፒ2ሲ9» ነው፤ ፌኖባርቢታልም ከፊሉን በዚሁ ይፈጫል። የዚህ ጂን ደካማ ቅጂዎች፣ ኮከብ 2 እና ኮከብ 3 የሚባሉት፣ በጣሊያናውያን ላይ በብዛት ሲገኙ በኢትዮጵያውያን ላይ ከዚያ በጣም ያነሱ ሆነው ተገኙ። ይህን ብቻ ያነበበ ሰው ኢትዮጵያውያን ከፌኒቶይን መመረዝ የተሻለ የተጠበቁ ናቸው ሊል ይችላል። መደምደሚያው ችኩል ነው። በዚያው ዓመት በአሜሪካ በፌኒቶይን ክፉኛ የተመረዘች አንዲት የአፍሪካ ዝርያ ያላት ሴት ስትመረመር፣ በአውሮፓውያን ላይ ፈጽሞ ያልተፈለገ ሌላ የጂኑ ስብራት ተገኘባት። አውሮፓውያንን ለመመርመር የተሠራ ወንፊት የአፍሪካውያንን ጠጠር አይለይም። ፌኒቶይን ደግሞ ተንኮለኛ መድኃኒት ነው። ጉበት የመፍጨት አቅሙ አንዴ ከሞላ፣ በመጠኑ ላይ የምትጨመር ጥቂት ሚሊግራም በደም ውስጥ ያለውን ክምችት እጥፍ ታደርጋለች፤ ሰውየው እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል፣ ዓይኑ ይንቀጠቀጣል፤ ጎረቤትም ሕመሙ ባሰበት ይላል።

የእሌኒ አክሊሉ ቡድን ሥራዎች ውስጥ እኔ ይበልጥ የምወደው በ2002 የታተመውን ነው፤ ምክንያቱም ለታሪክ ሰው ዋስ ይሆነዋል። በኢትዮጵያ የሚኖሩና በስዊድን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተነጻጸሩ። የጂን ቅጂያቸው አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ፣ በአገር ቤት ያሉት በ«ሲዋይፒ2ዲ6» የሚፈጨውን መድኃኒት አዝግመው ፈጩት። ጂኑ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ማዕድ፣ አየርና ኑሮ ነው። ኋላ የመጡ ጥናቶችም ጫት ይህንኑ ኢንዛይም እንደሚያዳክም አሳይተዋል። ጫት ከቡና ጎን ለጎን በሚሸጥበት በዚህ በጌዴኦ፣ ታማሚን «ትቅማለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ከነቀፌታ ሳይሆን ከመድኃኒት ሳይንስ የሚመነጭ ጥያቄ ሊሆን ይገባዋል።

አንድ የውጭ ምሳሌ ብቻ ልጨምር። በ2004 የታይዋን ተመራማሪዎች ካርባማዜፒን ወስደው ቆዳቸው የተገሸለጠባቸውን 44 ሕሙማን ሲመረምሩ፣ ሁሉም «ኤችኤልኤ-ቢ 15፡02» የተባለውን የመከላከያ ሥርዓት ምልክት ተሸክመው አገኙ። በ2007 የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የእስያ ዝርያ ያላቸው ሰዎች መድኃኒቱን ከመጀመራቸው በፊት እንዲመረመሩ መከረ። ይህ በጂን የተመራ የሚጥል ሕመም ሕክምና ትልቁ ስኬት ነው። ምልክቱ ግን በአፍሪካውያን ዘንድ እጅግ ብርቅ ነው። ምርመራውን ገዝተን ዲላ ብንተክለው ለጌዴኦ ታማሚ የሚጠቅመው ከቶ ትንሽ ነው። እውቀት ከእስያ ሊመጣ ይችላል፤ መልሱ ግን ከዚህ ደም መገኘት አለበት።

ከዚህ ደም ምን ያህል ታውቋል? በ2023 ዓለም አቀፉ የሚጥል ሕመም ሊግ ጥምረት ወደ 30,000 የሚጠጉ ሕሙማንን መርምሮ ከሕመሙ ጋር የተያያዙ 26 የጂኖም ቦታዎችን አሳተመ። ከሕሙማኑ እጅግ የሚበዙት የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ናቸው። በዓለም ላይ ከፍተኛው የጂን ልዩነት ያለው በአፍሪካ መሆኑ ግን የታወቀ ነው። ነገሩን የሚያስገርም የሚያደርገው ደግሞ ይህ ነው፤ ከአባያ ሐይቅ ማዶ፣ በጋሞ ደጋ፣ በሞታ ዋሻ የተቀበረ የ4,500 ዓመት ሰው ሙሉ ጂኖም በ2015 ተነብቦ ታትሟል። የዚያ ሰው የዘረመል መዝገብ በዓለም ኮምፒውተሮች ሁሉ ይገኛል። ሙታንን ማንበብ ክፉ አይደለም፤ እኔም ከሙታን ጋር የምውል ሰው ነኝ። ሕያዋንን ለማንበብ ግን ፈቃድ፣ ምስጢር ጠባቂነትና መልሶ የሚሰጥ ጥቅም ያስፈልጋል። ይህም አስቸጋሪ ስለሆነ ይዘገያል።

እስከዚያው እዚህ ምን ይደረጋል? በዚህ ላይ የራሴ አቋም አለኝ። መጀመሪያ የማይቋረጥ ፌኖባርቢታል። ይህን መድኃኒት በድንገት ማቋረጥ ራሱ የማያባራና ገዳይ ማንዘፍዘፍ ሊያስነሣ ይችላል። በ2018 በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ሲፈናቀል፣ በየመጠለያው ከጠፉት ነገሮች መካከል ማንም ያልቆጠራት አንዲት የክኒን ከረጢት ነበረች። በቡታጅራው ስሌት ብንሄድ ከአንድ ሚሊዮን ሰው ውስጥ ከ5,000 በላይ የሚሆኑት የሚጥል ሕመም ያለባቸው ናቸው። የትኛውም ጂን የዚያን ዓመት ያህል በመድኃኒት ምላሽ ላይ ተጽዕኖ አላደረገም።

ሁለተኛው ወረቀትና እስክሪብቶ ነው። ጌዴኦ ትውልዱን በቃል የሚቆጥር ሕዝብ ነው፤ ሰባቱን ጎሳ ሕፃን ያውቀዋል። ይህ የቆጠራ ባህል እስከ ዛሬ ለመለየትና ለመራቅ ካገለገለ፣ ለሕክምናም ሊያገለግል ይችላል። ታማሚው ስንት ዓመት ሲሆነው ጀመረው? በቤቱ ሌላ አለ? የወደቀው አጎት የጀመረው በልጅነቱ ነው ወይስ ከዛፍ ከወደቀ በኋላ? የትኛው መድኃኒት ሲሰጠው ባሰበት፣ በየትኛውስ ተንገዳገደ? እነዚህን አምስት መስመሮች በካርድ ላይ መጻፍ የሚጠይቀው ጊዜ እንጂ መሣሪያ አይደለም። ካርዱ ግን ከመዝገብ ክፍል እንዳይወጣ፣ በተለይም ከአማች ወገን እጅ እንዳይገባ መጠበቅ አለበት። በዚህ ላይ ቸልተኛ የሆነ ጤና ተቋም ያቺን «በዘራቸው አለ» የምትለዋን ሹክሹክታ በማኅተም አረጋገጠ ማለት ነው።

የዛይ ጥናት ከታተመ ዓመታት አልፈዋል። ለዚያ ቁጥር መንስኤው ጂን ይሁን ወሊድ፣ ወይስ ሁለቱም፣ ለመለየት የሚያስችለው መሣሪያ ዛሬ በእጅ አለ። ሥራው የሚጀምረው ግን በላቦራቶሪ ሳይሆን በጀልባ ተሻግሮ፣ ሽማግሌዎቹን አስፈቅዶ፣ እናቶቹን ስለ እያንዳንዱ ምጥ በመጠየቅ ነው። ከእናንተ መካከል ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ከንግግሩ በኋላ እዚሁ እቆያለሁ።